ባዛልቱ ኮምፓሴን አሳበደብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

የዓባይ ማዶ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። የጂኦሎጂ ማስተርስ ተማሪ ነኝ፣ ያለሁት ባሕር ዳር ነው። የመመረቂያ ሥራዬ የጥንቱን የምድር ማግኔታዊ መስክ ከባዛልት፣ ማለትም ላቫ ቀዝቅዞ ከሚፈጥረው ጥቁር ድንጋይ፣ ላይ ማንበብ ነው። ላቫ ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያሉት የማግኔታይት (ብረት ያለበት ማዕድን) ቅንጣቶች የዚያን ዘመን ሰሜን ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ ድንጋዩን ከቦታው ከማንሳቴ በፊት እንዴት እንደተኛና ሰሜኑ በየት በኩል እንደሆነ ላዩ ላይ ምልክት ማድረግ አለብኝ።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። ትናንት ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ የተቆረጠ ገደል ላይ ኮምፓሴን አስቀመጥኩ። ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብዬ ደግሜ ሳስቀምጠው ሰሜን 30 ዲግሪ ያህል ሸሽቷል። የስልኬም ያው ነው። ቤዛዊት ኮረብታ አናት ላይማ መርፌው ጭራሽ ይዞራል። በዚያ ላይ የተዋስኩት መሰርሰሪያ ሞተሩ አልነሳ ብሏል። ሚያዝያ እየገባ ነው፣ ክረምት ሳይመጣ መጨረስ አለብኝ። እባካችሁ የሠራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

መዶሻ
እህቴ፣ ኮምፓሱ ጤነኛ ነው። ባዛልቱ ራሱ ማግኔት ስለሆነ ነው የሚጎትተው። የስልኩን እርሺው፣ ድምፅ ማጉያው ውስጥም ማግኔት አለ።

ቤዛዊት አናት ላይ ግን ምን ልትሠሪ ወጣሽ? ከፍ ያለ ቦታ መብረቅ ይወዳል። መብረቅ የመታው ድንጋይ ደግሞ የቀድሞውን ምልክት በኃይለኛ አዲስ ማግኔት ይሸፍነዋል። መርፌው በአንድ እርምጃ ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚወራጭበት ቦታ ካየሽ ጥለሽው ሂጂ። ዝቅ ያለ፣ ወንዝ የቆረጠው ወይም አዲስ መንገድ የከፈተው ቦታ ፈልጊ። አሁን ዓባይ ጎድሏልና ዳር ዳሩን ተመልከቺ።

ካባ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቂ። ድንጋይ ፈላጮቹ ያገላበጡት ትልቅ ቋጥኝ ከቦታው ያልተነቃነቀ መስሎ ያታልላል። ከገደሉ ጋር ስንጥቁ ሳይቋረጥ ሲያያዝ ካላየሽ አትንኪው። እኔ በዚህ አንድ ወር ሙሉ ሥራ ጥያለሁ።

ጋሽ ዋርካ
ልጄ፣ የኮምፓሱ መፍትሔ ፀሐይ ናት። እሷን ባዛልት አይጎትታትም። ምልክት በምታደርጊበት ቅጽበት ጥላ በየት በኩል እንደወደቀ ታሰምሪያለሽ፣ ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ትጽፊያለሽ፣ ቦታሽን ከጂፒኤስ ትወስጃለሽ። ከዚያ ፀሐይ በዚያ ደቂቃ በየት አቅጣጫ እንደነበረች በስሌት ይገኛል። ጥላው የእሷ ተቃራኒ ነው፣ ሰሜን ከዚያ ይወጣል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ባሕር ዳር 11.6 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ሚያዝያ 12 ገደማ ፀሐይ አናታችን ላይ ቀጥ ትላለች፣ በነሐሴ አጋማሽም እንዲሁ። ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፣ ያኔ ጥላ ፍለጋ ብትሄጂ እግርሽ ሥር ነው የምታገኚው። ጠዋት ከአራት ሰዓት በፊት ሥሪ። በዚህ ሰሞን ጠዋት ፀሐይዋ ሽቅብ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ አቅጣጫዋ እምብዛም አይለወጥም፣ ደቂቃ ብትስቺም አይጎዳሽም።

ግንበኛው
ስለ ማግኔት አላውቅም፣ የግንባታ ሰው ነኝ። ግን መሰርሰሪያ ከሌለሽ ለምን ጀሶ አትጠቀሚም? ድንጋዩ ላይ ትንሽ ጀሶ ለጥፊበት፣ ሳይደርቅ ውሃ ልክ አስቀምጠሽ ላዩን አስተካክዪ። ከዚያ ቱምቢ (ክር ላይ የታሰረ ክብደት) ከላይ አንጠልጥለሽ የክሩን ጥላ ጀሶው ላይ በእርሳስ አስምሪ። ቱምቢው ንፋስ እንዳይነካው ሰው ከልሎ ይያዝልሽ። ከዚያ ድንጋዩን ፈልጠሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ወለሉም መስመሩም አብሮሽ ይመጣል።

ጋሽ ዋርካ
ይኸው! እኛ ድሮ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ቁራጩን ቤተ ሙከራ ውስጥ በ2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያወጡልሻል። ከአንድ የላቫ ንጣፍ ቢያንስ ስድስት ናሙና ውሰጂ፣ አራርቀሽ።

ሰነፍ ተማሪ
ይቅርታ፣ ግን ድንጋዩ ተገልብጦ ደቡብን ቢያሳይስ? የምድር ማግኔት ይገለበጣል ይባል የለ?

መዶሻ
ይገለበጣል። የመጨረሻው ሙሉ ግልበጣ ወደ 780 ሺህ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ፈረንሳዊው ብሩንሄስ በ1906 ተገልብጦ የተማገነተ ላቫ አይቶ ተናገረ፣ ጃፓናዊው ማቱያማ በ1929 ግልበጣውን ከድንጋዮቹ ዕድሜ ጋር አያያዘው። በግልበጣ የሚለያዩት ዘመኖች በስማቸው የሚጠሩት ለዚህ ነው። ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጣና አካባቢ ከተለኩት ባዛልቶች አንዱ ዕድሜው ወደ 33 ሺህ ዓመት ነው። በእንዲህ ያለው ላይ ግልበጣ አትጠብቁ። የሊማሊሞ ተራራው የላቫ ክምር ግን 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፣ እዚያ ተደራርበው የተቀመጡ ግልብጦች አሉ።

ጠያቂዋ ደግሞ ይህን ያዢ። በረጅም ዘመን አማካይ በባሕር ዳር ኬክሮስ የሚጠበቀው የማግኔት መስኩ ወደ ታች ዘንበል ማለት 22 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዛሬው መርፌ ግን እዚህ ጠፍጣፋ ለመሆን ትንሽ ነው የሚቀረው፣ የማግኔት ወገብ (መርፌው ጠፍጣፋ የሚሆንበት መስመር) በኢትዮጵያ ስለሚያልፍ። አንድ ላቫ የሚይዘው የቀዘቀዘበትን ሰሞን ብቻ ነው። ከ22 ራቀ ብለሽ አትደንግጪ፣ ብዙ ንጣፍ ሰብስቢ።

የዓባይ ማዶ
ተመልሻለሁ። ጀሶው ሠራ! ግንበኛው፣ ቡና አለብኝ። ግን ስሌቱ እብድ ነው። ጠዋት 3:30 ላይ ጥላ ወሰድኩ፣ ፀሐይ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ በ64 ዲግሪ ነበረች ይለኛል። ያ ከሆነ ሰሜኑ አሁንም ወደ 20 ዲግሪ የሳተ ነው።

ጋሽ ዋርካ
ልጄ፣ 3:30 ብለሽ ነው ያስገባሽው? ፕሮግራሙ እኮ በሀበሻ ሰዓት አይቆጥርም! ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል መስሎት ከመሬት በታች ያለችውን ፀሐይ ነው የሰጠሽ። የአገራችን ሰዓት ላይ ስድስት ጨምሪ፣ ፕሮግራሙ የግሪንዊች ሰዓት ከጠየቀሽ ሦስት ብቻ።

የዓባይ ማዶ
ኧረ በማርያም! 9:30 ስል 85 ሆነ፣ ተስተካከለ። ገደሉ ላይ ኮምፓሱ ከፀሐይ በ27 ዲግሪ ይለያል፣ ወንዙ ዳር ባለው ግን በ2 ብቻ። ዘጠኝ ድንጋይ ከነጀሶው ባጃጅ ላይ ጫንኩ። ሹፌሩ ዐይቶ ዐይቶ «ወርቅ ነው?» አለኝ።

ግንበኛው
አይደለም በይው እንጂ፣ ሒሳብ ይጨምርብሻል።