500 ዋት ያለው አምፕ በ100 ዋት ለምን ይበለጣል?

ጥያቄ (ባለአራት ክር)
ሰላም ለሁላችሁ። ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። በቅርቡ የገዛሁት ክብደቱ ቀላል አምፕ (የድምፅ ማጉያ) ጀርባው ላይ 500 ዋት ይላል፤ የምሰካው አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ያለው ካቢኔት ላይ ነው። ጓደኛዬ ደግሞ 100 ዋት የሆነ አሮጌ ባለ ቲዩብ (በመስታወት ቱቦ የሚሠራ) አምፕ አለው፤ እሱ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ባለው ካቢኔት ይጠቀማል። ድራሙ ሲገባ የእሱ ቤዝ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ የእኔ ይዋጣል። የባስ ቁልፉን ሙሉ ከፍቼ ቮልዩም ስጨምር ስፒከሩ ይንጫጫል እንጂ ድምፁ ከፍ አይልም። አምፑ ችግር አለበት ወይስ የተጻፈው ዋት ውሸት ነው?

መልስ (ድምፅና ሽቦ)
ወንድሜ፣ አምፑ ደህና ይመስለኛል። ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ብቻ ነው። ለጆሮ እጥፍ የጮኸ እንዲመስል 10 ዴሲቤል ገደማ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ነው። 500 ከ100 የሚበልጠው በ7 ዴሲቤል ነው፤ ያውም ሁለቱ አንድ ዓይነት ካቢኔት ላይ ቢሰኩ። እስቲ ሁለት ነገር እይልን፦ 500 ዋት የተባለው በስንት ኦም (የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ነው? ካቢኔቶቹስ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል ያወጣሉ?

ባለአራት ክር
አምፑ 500 የሚሰጠው በ4 ኦም ነው። የእኔ ካቢኔት 8 ኦም፣ 94 ዴሲቤል ይላል። የጓደኛዬ 100 ዴሲቤል ነው።

ድምፅና ሽቦ
በቃ፣ መልሱ እዚያው ነው። በ8 ኦም ከአምፕህ የምታገኘው ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። 250 ዋት እንበል። 250 ዋት በ1 ዋቱ ላይ 24 ዴሲቤል ይጨምራል፤ 94 ሲደመር 24፣ 118። የጓደኛህ 100 ዋት 20 ይጨምራል፤ 100 ሲደመር 20፣ 120። በወረቀት እንኳ ይበልጥሃል። ካቢኔትህ መጥፎ ነው ማለት ግን አይደለም። ትንሽ ሳጥን ወፍራሙን ድምፅ ወደ ታች ወርዶ እንዲያወጣ ከተሠራ፣ በአንድ ዋት የሚሰጠው ጩኸት መቀነሱ አይቀርም።

መልስ (የማታ ቤዝ)
የቲዩቡንም ነገር አትርሱ። ባለ ቲዩብ አምፕ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ ድምፁን በለስላሳው እየጨመቀ ተጨማሪ ቃና ያወጣል፤ ለጆሮ ሙሉ ሆኖ ስለሚሰማ ተጫዋቹ ሳይፈራ ይገፋዋል። እንደ አንተ ያለው የትራንዚስተር አምፕ ግን ጣሪያው ላይ ሲደርስ ድምፁ ስለሚሻክር ቶሎ እንመልሰዋለን።

ዋናው ምክሬ ግን የባስ ቁልፉን ቀንስ ነው። 6 ዴሲቤል ባስ መጨመር አምፑን አራት እጥፍ ኃይል ይጠይቀዋል። የወፍራሟ ሚ ክር 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) አካባቢ ነው፤ ጆሯችን እዚያ ደካማ ነው። ኃይልህን የሚበላው፣ ስፒከርህንም የሚያንጫጫው እሱ ነው። ሚዱን (መካከለኛውን ድምፅ) ከ400 እስከ 800 ኸርዝ ባለው ቦታ ትንሽ ከፍ አድርገው። ለብቻህ ስትለማመድ ድምፁ ቀጭን ይመስልሃል፤ ከባንዱ ጋር ግን ቦታውን ያገኛል። ኪቦርዲስታችሁ በግራ እጁ ቤዝ የሚነካ ከሆነም አነጋግሩት። ሁለት ቤዝ አንድ ቦታ ሲጋፋ የትኛውም አይለይም፤ ችክችካ ላይማ ከድራሙ ጋር ይደበላለቃል።

መልስ (ስታቢላይዘር)
መብራቱንም እዩ። ማታ 220 ቮልቱ ወደ 180 ሲወርድ፣ ባለ ከባድ ትራንስፎርመሩ አሮጌ አምፕ ከኃይሉ ሲሶውን ያህል ሊያጣ ይችላል። ከአሜሪካ የመጣ ባለ 110 ቮልት አምፕ ያላችሁም፣ ማውረጃው ትራንስፎርመር ትንሽ ከሆነ አምፑ አቅሙን አያወጣም።

ባለአራት ክር
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባሱን ቀንሼ ሚዱን ጨመርኩ፣ ካቢኔቱንም ከግድግዳው አስጠጋሁት። መንጫጫቱ ቆመ፤ ድራመሩም አሁን ይሰማኛል አለ። ሁለተኛ ካቢኔት ብጨምርስ?

ድምፅና ሽቦ
ጨምር፣ የሚያዋጣህ እሱ ነው። ተመሳሳይ ባለ 8 ኦም ይሁን። ሁለቱ በፓራለል (ጎን ለጎን) ሲሰኩ 4 ኦም ስለሚሆኑ አምፑ ሙሉ 500ውን ይሰጣል፤ የስፒከሩም ስፋት እጥፍ ይሆናል። በሁለቱ ተደምሮ እስከ 6 ዴሲቤል ታገኛለህ። ሦስተኛ ግን እንዳትሰካ፤ ከ4 ኦም በታች ይወርድና አምፑን ሊያቃጥልብህ ይችላል። ገመዱም የስፒከር ገመድ ይሁን፤ የጊታሩ ገመድ ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል።