የመስመር ተጫዋቾች ክብደት በሕግ ይገደብ? የ«ፍሪጁ» ዊልያም ፔሪ ጉዳይ

አወያይ፦ የክርክራችን መነሻ የአሜሪካ ፉትቦል ክለብ የሆነው የቺካጎ ቤርስ ተጫዋች ዊልያም ፔሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ከክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዙር ተመልምሎ ሲመጣ ከ140 ኪሎ በላይ ይመዝን የነበረው ይህ የመከላከያ መስመር ተጫዋች፣ ማለትም ከፊት መስመር ቆሞ ተጋጣሚን በጉልበት የሚገፋ ተጫዋች፣ «ፍሪጁ» (ማቀዝቀዣው) በሚል ቅጽል ስም በመላ አሜሪካ ታወቀ። ከእሱ ወዲህ ግዙፍነት በአሜሪካ ፉትቦል የተለመደ ነገር ሆኗል። ታዲያ የአገሪቱ የፕሮፌሽናል ፉትቦል ሊግ የተጫዋቾችን ክብደት ሊገድብ ይገባል?

ሐኪሟ፦ ይገባል እላለሁ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም በ1994 ባወጣው ጥናት ተጫዋቾች በጥቅሉ ከተራው ሕዝብ የተሻለ ዕድሜ እንዳላቸው ቢያሳይም፣ የመስመር ተጫዋቾች ግን በልብ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከሕዝቡ በ52 በመቶ የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቷል። የሚኒሶታ ቫይኪንግሱ ኮሪ ስትሪንገርም በ2001 በልምምድ ላይ ሙቀት መትቶት በ27 ዓመቱ ሲያርፍ ክብደቱ 150 ኪሎ ገደማ ነበር።

የስፖርት ጸሐፊው፦ ዶክተር፣ ቁጥሩን አልክድም፤ ነገር ግን ፔሪን እንደ ሥጋ ክምር ብቻ ማየት በደል ነው። ኦክቶበር 21 ቀን 1985 ከግሪን ቤይ ጋር በተደረገው ጨዋታ አሠልጣኙ ማይክ ዲትካ ወደ ማጥቃቱ አስገብቶት፣ ኳስ ይዞ ለሚሮጠው የቡድኑ ኮከብ ለዋልተር ፔይተን ሁለት ጊዜ መንገድ ከጠረገ በኋላ ራሱም ኳሷን ይዞ የተጋጣሚን የግብ መስመር በማለፍ «ተችዳውን» የሚባለውን ነጥብ አስቆጥሯል። ይህ በክብደት ብቻ አይሆንም፤ ከቆመበት ተስፈንጥሮ የመነሣት ፍጥነት ይጠይቃል። ቤርስ ኒው ኢንግላንድን 46 ለ10 በረታበት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም በሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ፔሪ ሲያስቆጥር ፔይተን ባዶ እጁን መውጣቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ይሁንና እዳው የዲትካ እንጂ የፔሪ አይደለም። ግዙፍነትም ቢሆን ከፔሪ ይቀድማል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የዲትሮይት ላየንስ ተጫዋች የነበረው ሌስ ቢንጋማን 158 ኪሎ ያህል ይመዝን ስለነበር የተመዘነው በእህል ሚዛን ነው።

ሐኪሟ፦ የጠሩት ምስክር ለእኔ መሰከረ። ቢንጋማን በ1970 ሲያርፍ ገና 44 ዓመቱ ነበር።

የተጫዋች አባት፦ እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ልጄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመስመር ተጫዋች ነው። አሠልጣኙ ልምምድ እስኪጀመር ኪሎ እንዲጨምር ስላዘዘው፣ እናቱ ፍልሰታን ስትጾም እሱ እኩለ ሌሊት ተነሥቶ እንቁላል ይጠብሳል፤ ሲያቅረው እንኳ እየታገለ ይጨርሳል። ፔሪንም በመጨረሻ ከተሽከርካሪ ወንበር ጋር ያቆራኘው ይኸው ክብደት አይደለምን?

ሐኪሟ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ሆኖም ፔሪ በ2008 የተገኘበት ጊያን ባሬ የሚባለው በሽታ የሰውነት መከላከያ ነርቭን የሚያጠቃበት ሕመም ስለሆነ በክብደቱ ማሳበብ አንችልም። ይልቅ ለጉዳያችን የሚቀርበው፣ በ1988 ገና በጨዋታ ላይ ሳለ ለአመጋገብ ችግር ሕክምና መግባቱ ነው።

የስፖርት ጸሐፊው፦ ገደብ ቢጣል ደግሞ ሌላ መዘዝ ይከተላል። በ1997 መጨረሻ ሦስት የኮሌጅ ነፃ ትግል ተወዳዳሪዎች ኪሎ ለመቀነስ ላብ ሲያወጡ በሳምንታት ልዩነት ሞተዋል። የክብደቱ ምንጭ የጨዋታው ሕግ ነው፤ በ1978 ተከላካዩን የሚያግዱ ተጫዋቾች ክንዳቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው እንዲገፉ ሲፈቀድላቸው፣ ክለቦች ቀልጣፋውን ትተው ከባዱን መፈለግ ጀመሩ። ሕጉ ይስተካከል፤ ሚዛኑ ራሱ ይከተላል።

ሐኪሟ፦ ከእነዚያ ሞቶች በኋላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ትግል ላይ ያደረገውን አልጠቀሱም፤ ተወዳዳሪው ከመመዘኑ በፊት ሰውነቱ ውኃ ማጣት አለማጣቱ በሽንት ምርመራ እንዲረጋገጥ ደነገገ። የዌስት ፖይንትና የአናፖሊስ ወታደራዊ አካዳሚዎችም ከ178 ፓውንድ (81 ኪሎ ገደማ) በታች ለሆኑ ተማሪዎች የተለየ ፉትቦል ያጫውታሉ፤ ስለዚህ ሚዛን ያለበት ፉትቦል አዲስ ፈጠራ አይደለም። የ1978ቱ ሕግ እንዲነሣ አልቃወምም፤ ግን ያ ሕግ ኳሷን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች፣ የኳርተርባኩ ጋሻ ስለሆነና ሊጉም በኳርተርባኮቹ ስለሚነግድ በቅርቡ ይነሣል ብዬ አልጠብቅም። እስከዚያ ድረስ ገደቡ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይጀመር፤ የዚህ አባት ልጅ ያለው እዚያ ነው።