ልጅን «ቸል ማለት» የቱ ነው? ሕጉ በግልጽ ይጻፈው ወይስ ለዳኛ ይተው?

የባሶዋ፦
ጤና ይስጥልኝ የሰሜን ሸዋ ልጆች። አንድ ጉዳይ ላንሳና እንከራከርበት። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 576 ልጅ የማሳደግ ወይም የመጠበቅ ኃላፊነት ያለበት ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ቸል ቢለው፣ ከአቅሙ በላይ ቢያሠራው ወይም ቢደበድበው እስከ 3 ወር በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል ይላል። በልጁ ጤና፣ ትምህርት ወይም አእምሮ ላይ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ደግሞ ከ1 ዓመት ያላነሰ እስራት አለው። እሰየው። ግን ማንገላታት የቱ ነው? ቸል ማለት ከየት ይጀምራል? ለ11 ዓመት ልጅ ከአቅም በላይ የሚባለው ሥራ ምን ያህል ነው? አንቀጹ አይናገርም። እኔ እነዚህ ቃላት ትርጉም ይውጣላቸው ባይ ነኝ።

ይህን ያስነሳኝ ሰፈራችን ያለች ልጅ ናት። ከመንዝ «ከተማ ገብታ ትማር» ተብላ ዘመድ ቤት መጣች። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ እሳት ታያይዛለች። ጀሪካን ይዛ ቦኖ ትሰለፋለች። ልብስ ማጠቡ፣ ዕቃ ማጠቡ፣ ሕፃን ማዘሉ ሁሉ የሷ ነው። ክፍል ስትገባ እንቅልፍ ይጥላታል። የጣቶቿ ቆዳ በበረኪና ተልጦ አይቻለሁ፣ እርሳስ ስትይዝ ያማታል። ጎረቤት ሲጠየቅ «ትበላለች፣ ትማራለች፣ ማን ነካት?» ነው መልሱ። ለሚመለከታቸው ሰዎች ስንናገርም መጀመሪያ የተጠየቅነው «የድብደባ ምልክት አለባት ወይ?» ነው። የለባትም። ነገሩ እዚያው ቀረ።

የጣርማ በሩ፦
እህቴ፣ የልጅቷ ነገር አንጀቴን በልቶታል። ግን ሕግ ለአንድ ቤት ተብሎ አይጻፍም። እኔ ያደግሁት በግ ስጠብቅ ነው። ኅዳር ላይ ጠዋት መስኩ በውርጭ ነጥቶ እኔ በባዶ እግሬ ነበርኩ፤ የተኛውን በግ አስነስቼ እሱ በተኛበት ቦታ ላይ ነበር እግሬን የማሞቀው። እንደኔ ያደገ ስንቱ ነው እዚህ ያለው? አባቴ አንገላቶኛል ማለት ነው? የነበረን ያ ነበር፣ እሱም እንደዚያው ነው ያደገው። ከተማ ተቀምጦ «ልጅ ይህን ያህል ሰዓት ብቻ ይሥራ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የደጋውን ገበሬ ኑሮ ሳያይ ከጻፈ ስንቱ ወላጅ ወንጀለኛ ሊሆን ነው። ዳኛው አካባቢውን ያውቃል፣ አይቶ ይፍረድ። ሰፊ ቃል የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሕግ ያነበበ፦
ወንድሜ የጣርማ በሩ፣ ስጋትህ ይገባኛል። ግን ጉዳዩ ዳኛው ዘንድ መቼ ይደርሳል? መጀመሪያ የሚያየው ጎረቤቱ ነው፣ ከዚያ መምህሩ፣ ከዚያ የቀበሌ ሰው፣ ከዚያ ፖሊስ። እነሱ ምን መፈለግ እንዳለባቸው ካላወቁ ዳኛው ጋ የሚሄደው አጥንቱ የተሰበረው ልጅ ብቻ ይሆናል። የባሶዋ የነገረችን ይህንኑ ነው።

የልጅቷ ነገር ከሌላ ሕግም ውጭ ወድቋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠር ይከለክላል፣ ከ15 እስከ 18 ያለውን ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ይላል። ሰው ቤት መሥራት ግን በአዋጁ አይሸፈንም። «ዘመድ ናት» ከተባለ ደግሞ ጭራሽ ቅጥርም የለም። ስለዚህ የሚቀራት ያው 576 ነው፣ እሱም ቃሉን አልተረጎመላትም።

ማን ያሻሽለው ለምትሉ፣ የወንጀል ሕግ ፌዴራል ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ንዑስ 5 መሠረት ክልል የወንጀል ሕግ ማውጣት የሚችለው የፌዴራሉ ሕግ ባልሸፈነው ጉዳይ ብቻ ነው። የቤተሰብ ሕግ ግን የክልል ነው፣ አማራ ክልል የራሱን በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል። የሰው ልጅ ወስዶ ቤቱ የሚያኖር ዘመድ ምን ግዴታ እንዳለበት እዚያ በግልጽ መጻፍ ይቻላል፣ አዲስ አበባን መጠበቅ የለብንም።

የእነዋሪ መምህርት፦
እኔ የምጨምረው ስለ ቅጣት ነው። 576 ራሱ ንዑስ 3 ላይ ለተገቢ አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ሳይወጣ የሚወሰድ እርምጃ አያስቀጣም ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ደግሞ ልጅ በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል፣ ቤትን ግን ስሙን አልጠራም። ትምህርት ቤት ዱላ ክልክል ነው እንላለን፣ ልጁ ግን ቤቱ ሄዶ በርበሬ ይታጠናል።

ዓይኑ አብጦ፣ ድምፁ ተዘግቶ ክፍል የገባ ተማሪ ነበረኝ። ፍም ላይ በርበሬ በትነው፣ ከላይ ጋቢ አልብሰው ነው ያጠኑት። ሳንቲም ሰርቆ ነው አሉ። አባቱን አስጠራሁት። አልካደም። «እኔም ታጥኜ ነው ሰው የሆንኩት» አለኝ። ሰውየው ልጁን የሚጠላ አይደለም፣ ደብተርና እስክሪብቶ ጎድሎበት አያውቅም። «ተገቢ» የሚለው ቃል እሱ ዘንድ በርበሬንም ያቅፋል። ስለዚህ በስም ይጠራ። በርበሬ ማጠን፣ ማሰር፣ ማቃጠል፣ ምግብ መከልከል፣ ሌሊት ከቤት ማስወጣት ተግሣፅ አይባልም ብሎ ይጻፍ። ይህን ለመጻፍ የመንዝን ገበሬ ቤት ማየትም አያስፈልግም፣ ደጋም ቆላም አንድ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦
እስካሁን አንብቤ ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም። እኔ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ በፈረቃ። ትልቋ 8 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 3። ሰው ለመቅጠር ደሞዜ አይበቃም። ቤተሰቦቼ ሩቅ ናቸው። በር ቆልፌባቸው የምሄድበት ቀን አለ። ከሰሉን አጥፍቼ፣ ክብሪቱን ቆጥ ላይ ሰቅዬ፣ ዳቦና ውሃ አስቀምጬ፣ ቁልፉን አከራዬ ጋ ትቼ ነው የምወጣው፣ ማሽን ላይ ቆሜም ልቤ ቤት ነው። እና ይሄ ቸል ማለት ነው? የምትጽፉት ትርጉም እኔን ደሞዙን ጠጥቶ ልጆቹን ጦም ከሚያሳድር ሰው እኩል የሚያደርገኝ ከሆነ ይቅርብኝ።

ሕግ ያነበበ፦
እህቴ፣ አሁን ባለው ቃል አንቺን ለመክሰስ የሚፈልግ ሰው ቢመጣ ከልካይ የለውም። «ቸል ያለ» ይላል እንጂ ለምን ቸል እንዳለ አይጠይቅም። ትርጉም ይውጣ የምንለው አንዱ ለዚህ ነው። «አቅሙ እያለው፣ ወይም የሚያገኘው እርዳታ እያለ፣ ለልጁ የሚያስፈልገውን ሆን ብሎ ወይም በግድየለሽነት ያላደረገ» ቢል፣ ቀጥሎም «በድህነት ብቻ የተነሳ ጉድለት ቸልታ አይባልም» ቢል አንቺ ከዚያ ውጭ ነሽ። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 10/1984 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 18 ደግሞ የሚሠሩ ወላጆች ልጆች የመዋያ አገልግሎት እንዲያገኙ መንግሥት ማድረግ ያለበትን ሁሉ ያድርግ ይላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ 4 የተቀበልናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ስለሚል ይህ ምክር ብቻ አይደለም። ባንቺ ጉዳይ መጠየቅ ያለበት መዋያ ያላዘጋጀው ነው።

የጣርማ በሩ፦
የድህነቷ ዐረፍተ ነገር ከገባች እኔም ብዙ አልቃወም። የመምህርትን ዝርዝርም እቀበላለሁ፣ በርበሬ ማጠን የሚከላከልለት ሰው ሊኖረው አይገባም። አንድ ነገር ግን አሁንም አልዋጥልኝ ብሎኛል። ሰውየውን በመኸር ወቅት 3 ወር አሰርነው እንበል። እህሉን ማን ይሰበስባል? ያው ልጁ ነው። እስራቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ እናስብ። ልጁ ከቤት ይውጣ ቢባልስ የት ይገባል? ማሳደጊያ በየወረዳው የለ። አያቱ፣ አክስቱ፣ ክርስትና እናቱ ይጠየቁ የሚል ነገር አብሮ ካልተጻፈ ትርጉሙ ብቻውን ልጁን ሜዳ ላይ ይጥለዋል።

ዲያቆን ዘአንኮበር፦
ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ቆሎ ተማሪ ማንም ስላላነሳ ላንሳ። እኔ ከእናት ከአባቴ ቤት የወጣሁት ገና ልጅ ሆኜ ነው። ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ ይዤ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ውሻ እየተከላከልኩ የለመንኩትን በልቼ ነው ፊደሉንም ዳዊቱንም ዜማውንም የተማርኩት። ባዕድ ሰው ቢያየኝ የተጣለ ልጅ ይለኛል። አልተጣልኩም። የኔታ ነበሩ፣ ጓደኞቼ ነበሩ፣ እንጀራ የሚሰጡን እናቶች በስማችን ያውቁን ነበር። አቅም እያለው ልጁን ያላበላ፣ ያላለበሰ ቸል ብሏል ተብሎ ከተጻፈ አባቴ ገባበት፣ አቅም ነበረውና። ይህን ትምህርት በአንድ መስመር ወንጀል አታድርጉት።

የባሶዋ፦
ዲያቆን፣ ቃልዎን አከብራለሁ። ግን ልጠይቅዎት። ያኔ አብረዎት ከነበሩት መካከል ታሞ የሚያሳክመው ያጣ፣ ውሻ የነከሰው፣ በብርድ የተጎዳ አልነበረም? የኔታ የሚጠይቁለት ልጅና የኔታም ወላጅም የማይጠይቁለት ልጅ አንድ ናቸው? እኔ የአብነት ትምህርት ይቅር አላልኩም። የወሰደው ሰው ይታወቅ፣ ወላጅ ልጁ የት እንዳለ ይወቅ፣ ሲታመም የሚያሳክመው ሰው ይኑር ነው የምለው። ሰፈሬ ላለችው ልጅም የምጠይቀው ይኸው ነው። ሥራ አትሥራ አላልኩም፣ የኔም ልጅ ቡና ታፈላለች፣ ቤት ትጠርጋለች። ግን ሌሊት ተነስታ ማታ እስክትተኛ የምትሠራ ከሆነ፣ ክፍል ውስጥ የምታንቀላፋ ከሆነ፣ እጇ ከተላጠ፣ የቤቱ ልጆች ከሥራው ግማሹን እንኳ ካልተካፈሏት፣ ያ ከአቅም በላይ ነው ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ዕድሜ፣ ሰዓት፣ ትምህርት፣ ጤና። አራቱን አይቶ የሚፈርድ ሰው የጣርማ በሩን አባት አይነካም።

የጣርማ በሩ፣ ስለ እስራት ባልከው እስማማለሁ። እኔም የምፈልገው አክስቷ እንድትታሰር አይደለም። አንድ ሰው በር አንኳኩቶ «ይህቺ ልጅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት አትነሳም፣ በወር አንድ ጊዜ እናቷ ጋ ትደውላለች፣ እኛም እየመጣን እናያለን» እንዲል ነው። ያንን የሚል ሰው የሚይዘው ጽሑፍ ይኑረው።

ዲያቆን ዘአንኮበር፦
የባሶዋ፣ የታመሙ ነበሩ፣ አልዋሽም። በብርድ የተጎዱም ነበሩ። ያልሽው ሦስቱ ነገር፣ የወሰደው ሰው ይታወቅ፣ ወላጅ ይወቅ፣ ሲታመም ይታከም፣ የኔታን የሚያስከፋ አይመስለኝም። ከዚህ ዕድሜ በታች አይወጣም የሚል ቁጥር ታስገባላችሁ ከሆነ ግን ቁጥሩን ብቻችሁን አትቁረጡት። መጀመሪያ የአብነት መምህራኑ ተጠርተው ይናገሩ፣ ልጆቹም ይጠየቁ።

የእነዋሪ መምህርት፦
ልጆቹ ይጠየቁ ያሉት ላይ አብሬ ነኝ። ከኔ ክፍል እጀምራለሁ፣ ስማቸውን ሳይጽፉ ቤት ውስጥ ምን ሥራ በስንት ሰዓት እንደሚጀምሩ ብቻ እንዲጽፉልኝ አደርጋለሁ። ሕግ ያነበበ፣ አንተ የ79/1995ን አንቀጾች አውጥተህ ላክልኝ።