በማርበሪ ጉዳይ ላይ ማብራሪያ እጠይቃለሁ

የተከበራችሁ የሕግ ባለሙያዎች፤ አገር ቤት ሕግ ተምሬ አሁን በአሜሪካ የሕገ መንግሥት ሕግ የማጠና ተማሪ ስሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1803 ለዳኝነት ተሹሞ የነበረው ማርበሪ የሹመት ደብዳቤው እንዲሰጠው በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማዲሰን ላይ ባቀረበው አቤቱታ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ አላራምድ ብሎኛል። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ዳኛ ማርሻል፣ ማርበሪ የሹመት ደብዳቤውን የማግኘት መብት እንዳለው በሰፊው ከተነተኑ በኋላ፣ የ1789ኙ የዳኝነት ሕግ ክፍል 13 ለፍርድ ቤቱ የሰጠው የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን (ማለትም አቤቱታን በይግባኝ ሳይሆን በቀጥታ ተቀብሎ የማየት ሥልጣን) ስለ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ከሚደነግገው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 3 ጋር ይቃረናል በማለት አቤቱታውን ሳይቀበሉት ቀሩ። እኛ የተማርነው ግን ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለው ወይ የሚለው ጥያቄ እንደሚቀድም ነበር። ይበልጥ የከበደኝ ግን፣ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመተርጎም ሥልጣንን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት በግልጽ ሲሰጥ፣ በአሜሪካው ውስጥ ፍርድ ቤት ሕግ ይሽራል የሚል ቃል አለመኖሩ ነው። የማርሻል ክርክር ዋና መሠረት ሕገ መንግሥቱ የአገሪቱ የበላይ ሕግ ነው የሚለው የበላይነት ድንጋጌ ነው ወይስ ዳኞች ሕገ መንግሥቱን ለመጠበቅ የሚገቡት ቃለ መሐላ? ታስረዱኝ ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።