ኦክሲኮዶን ጎድሏል፤ ለማን፣ በስንት ጊዜ ውስጥ ላሳውቅ?

ጠያቂ፦ አሜሪካ የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ነርስ ፕራክቲሽነር (መድኃኒት ማዘዝ የምትችል ነርስ) ነኝ። በክሊኒካችን ለታካሚዎች የምናድለውን ኦክሲኮዶን (ሱስ የሚያስይዝ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ዛሬ ጠዋት ስቆጥር ከመዝገቡ 14 ኪኒን ጎድሎ አገኘሁት፤ የቁም ሣጥኑ መቆለፊያም ላልቷል። የዲኢኤ (የፌዴራሉ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት) ምዝገባው በስሜ ሆኖ ሳለ፣ ሥራ አስኪያጁ እስከ ወር መጨረሻው ቆጠራ ዝም እንድል ነግሮኛል።

ሕግ አዋቂው፦ በቅድሚያ ማዘዝና ማደል በግዛት ሕግ ዘንድ አንድ እንዳልሆኑ መገንዘብ ያስፈልጋል። ቁጥጥር የሚደረግባቸውን መድኃኒቶች የሚመለከተው የ1970ው የፌዴራል ሕግ ሥልጣን የሚሰጥዎ ግዛትዎ በፈቀደው ልክ ብቻ ሲሆን፣ ለማዘዝ ፈቅዶ ለማደል የተለየ ፈቃድ የሚጠይቅ ግዛትም አለ። እርስዎ ግን ግዛትዎን እንኳ አልጠቀሱም።

የማታ ፈረቃ፦ የዲኢኤን የስርቆትና የጉድለት ማሳወቂያ፣ ቅጽ 106ን ይሙሉ።

ፋርማሲስት፦ ቅጹ ብቻውን አይበቃም። ስርቆት ወይም ጉልህ ጉድለት መኖሩ ከታወቀበት ጊዜ ጀምሮ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ለአካባቢው የዲኢኤ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ቅጽ 106 የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከ2023 ወዲህ በኦንላይን ብቻ፣ በ45 ቀናት ውስጥ ይሞላል።

ጋሼ፦ እህቴ፣ መጥፋቱን በምን አወቅሽ? ታድሎ ሳይመዘገብ የቀረ ቢሆንስ? ወድቆ የተደፋና ሊሰበሰብ ያልቻለ ከሆነ ደግሞ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ ያዩት ሁለት ሰዎች መዝገቡ ላይ ይፈርማሉ።

ፋርማሲስት፦ ጋሼ እንዳሉት መዝገቡን ማመሳከር ተገቢ ነው፤ ሆኖም ማጣራቱ አንዱን የሥራ ቀን አያራዝምም። መቆለፊያው መላላቱም ስርቆትን ያስጠረጥራል።

ቀልደኛው፦ ሥራ አስኪያጁ ኪኒኖቹ ተጸጽተው እስኪመለሱ መጠበቁ ይሆናል። ለማንኛውም የቀረውን እዚያው ክሊኒክ ውስጥ በጠንካራ ቁም ሣጥን ይቆልፉበት። ምዝገባው ከአድራሻው ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ የራሱ ምዝገባ ወደሌለው ቅርንጫፍ እንዳይወስዱት።

የማታ ፈረቃ፦ እኔ አሁንም ቅጽ 106 እላለሁ።

ጠያቂ፦ ለማደል የግዛቴ ፈቃድ አለኝ። የታደለውን ከመዝገቡ ጋር አመሳከርሁ፤ ጉድለቱ ያው ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን ማመልከት ያለበት ክሊኒኩ እንጂ እኔ እንዳልሆንሁ ይናገራል።

ፋርማሲስት፦ ግዴታው የተመዝጋቢው ነው፤ ተመዝጋቢዋ እርስዎ ከሆኑ የእርሱን ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልግዎትም። የላኩትን ደብዳቤ ቅጂ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከሚያዙት መዝገቦች ጋር ያኑሩት። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ ስንት ሰው እጅ ነው ያለው?