ፎራሜን ወይስ ቀዳዳ? የሰውነት ክፍተቶች በምን ቋንቋ ይጠሩ?

ለክርክር የቀረበው፦ በሕክምና ትምህርት የሰውነት ቀዳዳዎች በላቲን ስማቸው ብቻ ይጠኑ ወይስ የአማርኛ ስም ይውጣላቸው?

የአናቶሚ መምህር፦ በላቲን ይቀጥሉ። በ1895 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በስዊዘርላንድ ባዝል የጸደቀው የአካል ክፍሎች ስም መዝገብ ወደ 50,000 የሚጠጋውን ስም ወደ 5,000 ገደማ ያወረደው፣ አንዱ አካል በየአገሩ ብዙ ስም ስለነበረው ነው። እያንዳንዱ መምህር የራሱን አማርኛ ካወጣ ወደዚያው ትርምስ እንገባለን። ደግሞስ «ቀዳዳ» ሁሉን ይሸከማል? ፎራሜን አብዛኛውን ጊዜ ነርቭና የደም ሥር በአጥንት ውስጥ የሚያልፉበት ነው፤ ሚኤተስ እንደ ጆሮ ቦይ ያለ መተላለፊያ፤ ሃያተስ ደግሞ የምግብ ቧንቧ ዲያፍራምን፣ ማለትም ደረትን ከሆድ የሚለየውን ጡንቻ፣ የሚያልፍበት።

የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፦ መምህር፣ ያስተማሩን ልዩነት በቃላቱ ውስጥ ነበር፤ እኛ ግን አላየነውም። ፎራሜን የመጣው «መብሳት» ከሚል ግስ ነው፤ ሚኤተስ «መሄድ» ከሚል፤ ሃያተስ አፍን ከመክፈት። ለሮማውያን የቤት ቋንቋ ነበር፤ ለእኛ ሽምደዳ ሆነ። የራስ ቅል ይዤ ፎራሜን ማግነም ውስጥ አውራ ጣቴን እየከተትሁ ስሙን ደጋግሜ አጥንቻለሁ። «ትልቁ ቀዳዳ» ማለት ብቻ መሆኑን ያወቅሁት ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው።

አዋላጅ ነርስ፦ እኛ «የማህፀን በር» ስንል አንዲትም እናት ግራ ገብቷት አታውቅም። የላቲኑ «ኦስቲየም» ትርጉሙ በር አይደለም እንዴ? ቃሉ በእጃችን ነበር።

የሕፃናት ሐኪም፦ ሲስተር፣ ሁሉም አማርኛ ግን አያጽናናም። አንዲትን እናት «የልጅሽ ልብ ቀዳዳ አለው» ብዬ አስደንግጫለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ፎራሜን ኦቫሌ፣ በልብ ሁለት የላይኛው ክፍሎች መካከል ያለው ቀዳዳ፣ በማህፀን ሳለን ሁላችንም የተጠቀምንበት ነው። ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ገደማ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። አሁን «ስትወለድ የሚዘጋ በር ነበር፤ ትንሽ ገርበብ ብሎ ቀርቷል» እላለሁ። መዝጊያ ስላለውም አባባሉ ከእውነቱ አይርቅም። ላቲኑም እንከን አያጣም፤ መንጋጋ የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከራስ ቅል የሚወጣበት ቀዳዳም ፎራሜን ኦቫሌ ይባላል!

የአናቶሚ መምህር፦ በዚህ ረታችሁኝ። ላቲኑን ከፈተና አላወጣም፤ ትርጉሙን ግን ከጎኑ እጽፋለሁ። ለፎራሜን «ሽንቁር»፣ ለኦስቲየም «በር» ይሁን። ሃያተስ ግን አስቸገረኝ። «ክፍተት» ሁሉን ይጠቀልላል፤ «ስንጥቅ» ደግሞ ለጠባቡና ረዘም ላለው ክፍተት፣ ለፊሹራ፣ ይሻላል። የተሻለ ያላችሁ ወዲህ በሉ።