ትንሿን ክፍል የእንግዳ መኝታ ማድረግ፦ ያለን ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚበቃው

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አማክሩኝ። ቤታችን ውስጥ 2.5 በ3 ሜትር የሆነች ክፍል አለች። እስካሁን ዕቃ ማጎሪያ ነበረች። አሁን የባለቤቴ እናት ለተወሰነ ጊዜ እኛ ጋ ሊያርፉ ስለሆነ አዘጋጅተን እንጠብቃቸው፣ ከዚያ በኋላም የእንግዳ ክፍል ሆና ትቅር ብለናል።

ውስጧ ያለው 120 ሳንቲ ስፋት ያለው የእንጨት አልጋ፣ መሀሉ የጎደጎደ የስፖንጅ ፍራሽ፣ በሩን የሚያጣብብ ቁም ሳጥንና ጣሪያው መሀል ላይ ዓይን የሚወጋ ነጭ አምፖል ነው። አልጋው ሰው በተገላበጠ ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይላል። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደግሞ ግድግዳው ላይ ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ አይቻለሁ። እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሌሊትም ይነሳሉ።

ገንዘቡ አንድ ደህና ነገር ለመግዛት ነው የሚበቃው፣ የቀረው ቤት ባለው ነገር መሟላት አለበት። ባለቤቴ ቀለም እንቀባ ይላል፣ እኔን መጋረጃና ምንጣፍ አምሮኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ላይ ታውሉት ነበር?

መልስ 1

ፍራሽ። ሌላው ይደርሳል።

መልስ 2

«ፍራሽ» ያለው ሰው እውነቱን ሊሆን ይችላል፣ ግን እህቴ ገንዘብሽን ከማውጣትሽ በፊት ጥፋቱ የፍራሹ ይሁን የአልጋው ለዪ። ፍራሹን አውርጂና ደልዳላ ወለል ላይ አንጥፊው። ተኝተሽበት ትንሽ ቆዪ። ጉድጓዱ ከጠፋ ፍራሹ ደህና ነው፣ የጎበጠው ርብራቡ ነው። ወለል ላይም መሀሉ የሚሰምጥ ከሆነ ስፖንጁ አልቆለታል። ብዙ ሰው ከሥሩ ኮምፔርሳቶ አስገብቶ ተገላገልኩ ይላል፤ ኮምፔርሳቶ የሚረዳው ግን ችግሩ የርብራቡ ሲሆን ብቻ ነው፣ የሞተ ስፖንጅ አያስነሳም።

የእንጨት ሥራ ላይ ስለሆንኩ አልጋውን ለእኔ ተዉልኝ። በርብራቡ እንጨቶች መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። ከ7 ሳንቲ በላይ ከሆነ ፍራሹ አዲስም ቢሆን በክፍተቱ እየገባ ቶሎ ይጎዳል። የተራረፈ ጣውላ ካለ መሀል መሀሉን ሙሉበት። 120 አልጋ ደግሞ መሀሉ ላይ ወለል የሚነካ ደጋፊ እግር ቢኖረው ጥሩ ነው፣ ከሌለው አንድ ጨምሩለት።

ጩኸቱን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ብሎኖቹን በሙሉ አጥብቁ። ከዚያም በኋላ ከጮኸ እንጨት ከእንጨት የሚፋተግበት ቦታ አለ ማለት ነው። አንዳችሁ አልጋውን ወዝውዙ፣ ሌላችሁ ጆሯችሁን መጋጠሚያዎቹ ላይ አድርጋችሁ አዳምጡ። ቦታው ሲገኝ ፈታችሁ የሚነካኩትን ሁለቱን ፊቶች በሻማ እሹና መልሳችሁ እሰሩት። ዘይት እንዳትቀቡ፣ እንጨቱ ይመጠዋል፣ ፍራሹንም ያቆሽሻል።

አሁን ስለ ጉልበታቸው። ለሚያም ጉልበት ዝቅ ያለ አልጋ ቅጣት ነው። ጫፉ ላይ ሲቀመጡ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ወለሉን መርገጥ አለበት፣ ጉልበታቸውም ከዳሌያቸው ከፍ ማለት የለበትም። ለብዙ ሰው ይህ ከወለል እስከ ፍራሹ አናት 45 እስከ 50 ሳንቲ አካባቢ ነው፣ እንደ ቁመታቸው ግን ይለያያል። ዝቅ ካለ አራቱም እግሮች ሥር እኩል የሆነ የእንጨት ጉማጅ ይግባ። ጉማጁ ላይ የአልጋው እግር የሚቀመጥበት 2 ሳንቲ ያህል ጥልቀት ያለው ጎድጓዳ ይፈልፈልበት። ድንጋይ ወይም ጡብ አነባብሮ መተው አይሆንም፣ አንድ ቀን ይንሸራተታል።

መልስ 3

እኔን ያሳሰበኝ ያ ጥቁር ነጠብጣብ ነው። ሁሉም ስለ አልጋ ያወራል፣ ሻጋታው እዚያው እያለ ግን ክፍሉ መቼም ደስ አይልም፣ ሽታው ራሱ ይናገራል። ከላዩ ላይ ቀለም ብትቀቡበት ባለቤትሽ ለሳምንታት ደስ ይለዋል፣ ከዚያ ተመልሶ ይወጣል።

እርጥበቱ ከየት እንደመጣ እወቁ። ቁም ሳጥኑን አንሱ፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ ከዚያ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቃችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉና አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ውሃው ከላስቲኩ ጀርባ፣ ማለትም በግድግዳው በኩል ካቀረረ ከግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ቧንቧ ወይም የውጭ ስንጥቅ ፈልጉ። በክፍሉ በኩል ካላበው የክፍሉ አየር ነው የታፈነው። ብዙ ጊዜ ከቁም ሳጥን ጀርባ የሚገኘው ይሄኛው ነው። ለዚህ መፍትሔው መስኮት መክፈትና ዕቃን ከግድግዳ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ማራቅ ነው።

ስታጸዱ ጓንትና ማስክ አድርጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ በሳሙናና በውሃ እሹት። በረኪና ከተጠቀማችሁ ለብቻው ይሁን። ከኮምጣጤ ጋር ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ቁም ሳጥኑ ደግሞ ባይመለስ ይሻላል። እንግዳ ቁም ሳጥን ሙሉ ልብስ ይዞ አይመጣም። አራት አምስት ማንጠልጠያ ግድግዳው ላይ፣ ሻንጣ የሚቀመጥበት አንድ አግዳሚ፣ በቃ። ማንጠልጠያውን በጣም ከፍ አታድርጉት፣ እሳቸው እጃቸውን ሳይዘረጉ የሚደርሱበት ይሁን። ሻንጣውም ወለል ላይ እንዳይቀመጥ፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ጎንበስ ብሎ ልብስ ሲፈልግ አይታችሁ ታውቃላችሁ መቼም።

አልጋውን ርዝመቱን በ3 ሜትሩ ግድግዳ በኩል አስጠጉት። በ2.5ቱ በኩል 130 ሳንቲ ይተርፋችኋል። መሀል ላይ ካቆማችሁት ግራና ቀኙ 65፣ 65 ሆኖ የትኛውም በኩል ደህና ቦታ አይኖርም። ለሁለት ሰው ቢሆን ሌላ ነገር ነው።

መልስ 4

አምፖሉን የጠቀሰ የለም እንዴ? ከሁሉም ርካሹ ለውጥ እሱ ነው። ያ ዓይን የሚወጋው ምናልባት ካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን የሚል ይሆናል። 2700 ወይም 3000 የሚለውን ግዢ፣ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን ነው። ለዚች ክፍል 800 ሉመን (የብርሃኑ መጠን ማለት ነው) አካባቢ፣ በኤልኢዲ ከ8 እስከ 10 ዋት፣ ይበቃል።

ግን አንድ የጣሪያ አምፖል ብቻ ለመኝታ ክፍል አይሆንም። ማብሪያው በር ጋ ነው፣ አልጋው ሌላ ጋ ነው፣ ሰውየው አጥፍቶ በጨለማ እየዳበሰ ይመለሳል። ቤት ውስጥ ያለውን ማንኛውንም የጠረጴዛ መብራት አምጪና ተኝተው እጃቸው በሚደርስበት ቦታ አድርጊው። ኮመዲኖ ከሌለ ዱካ ይበቃል፤ መነጽር፣ ስልክና አንድ ብርጭቆ ውሃ ከያዘ ሌላ ምን ይፈለጋል።

ሌሊት ስለሚነሱ እስከ መጸዳጃ ቤት ባለው መንገድ ላይ ወለሉ አጠገብ ሶኬት ላይ የምትሰካ ትንሽ የሌሊት መብራት ጥሩ ናት። ማከፋፈያ ከዘረጋችሁ ገመዱ በግድግዳው ጥግ ይሂድ። ምንጣፍ ሥር አይቀበርም፣ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ሲረገጥም ሽፋኑ ይላጣል።

ጠያቂዋ

ኧረ ተባረኩ! የፍራሹን ሙከራ ሠራሁት። ወለል ላይም መሀሉ እንደሰመጠ ነው፣ ስለዚህ ገንዘቡ ፍራሽ ላይ ሊሄድ ነው። ስገዛ ምን ልጠይቅ? ባለቤቴ ደግሞ ቀለሙን አልተወም፣ «ትንሽ ቀለም ምን ይፈጃል» እያለ ነው። ምንጣፌስ?

መልስ 5

ስለ ፍራሹ፦ ከውፍረቱ ይልቅ ዴንሲቲውን ጠይቂ። በአንድ ሜትር ኩብ ስንት ኪሎ እንደሆነ ማለት ነው። ዝም ብሎ «ጠንካራ ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለም፤ ጠንካራነትና ዴንሲቲ የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ሲነካ ጠንከር የሚል ግን ቶሎ የሚሞት ስፖንጅ ሞልቷል። ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው፣ ከ25 በታች ከሆነ ለረጅም ጊዜ መኝታ አትግዢው።

እዚያው ሱቁ ውስጥ ጫፉ ላይ ተቀመጪበት። እሳቸው ሲነሱም ሲቀመጡም ክብደታቸው የሚያርፈው ጫፉ ላይ ነው። የሥሩ ጣውላ የሚቆረቁርሽ ከሆነ ተይው። ልኩን ደግሞ ከአልጋው ውስጠኛ ጠርዝ እስከ ውስጠኛ ጠርዝ ለኪ። ሰው ሁሉ በውጭ በኩል ለክቶ ይሄድና ፍራሹ አልገባም ብሎ ይመለሳል። ሊታጠብ የሚችል የፍራሽ መከላከያም አልብሺው።

መልስ 6

ባለቤትሽን አታስቀይሚው፣ አንድ ግድግዳ ይቀባ። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ቀለም ለአንድ ዙር 10 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሸፍናል። የክፍሉ ከፍታ 2.5 ነው እንበል፣ አራቱም ግድግዳ በርና መስኮቱ ተቀንሶ ወደ 24 ካሬ ይመጣል። ሁለት ዙር ሲቀባ 5 ሊትር ያህል ነው። ከራስጌ ያለው ግድግዳ ብቻ ከሆነ ግን ከ1.5 ሊትር አይበልጥም። ሻጋታው ጸድቶ ግድግዳው ሳይደርቅ ግን ብሩሽ እንዳይነሳ። ሽታው እስኪወጣ ጊዜ ስለሚፈልግ እንግዳዋ ሊደርሱ ሲሉ አትቀቡ።

ምንጣፉን በግልጽ ልንገርሽ፦ ይቅር። ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ለሚነሳ፣ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ትንሽ ምንጣፍ አደገኛ ነገር ነው፣ ጫፉ ይጠልፋል፣ ወለል ላይም ይንሸራተታል።

መጋረጃው ግን ያምራል፣ መግዛትም አያስፈልግሽም፣ ደህና የአልጋ ልብስ ወይም አንሶላ ይሰፋል። ዘንጉን ከመስኮቱ በላይ ከፍ አድርጊና ወደ ጣሪያው አስጠጊው፣ ግራና ቀኙንም 20 ሳንቲ ያህል ትረፍ። ሲከፈት ጨርቁ ግድግዳው ላይ ስለሚሰበሰብ መስኮቱ ሙሉ ብርሃን ያስገባል፣ ክፍሏም ከፍ ያለች ትመስላለች። የጨርቁ ስፋት ከዘንጉ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ካልሆነ እንደ አንሶላ ተወጥሮ ይቀራል፣ ከምን እንደተሰፋም ያስታውቅብሻል።

መልስ 7

እኔ ሥራዬ ስለሚያዞረኝ ብዙ ሰው ቤት አድሬያለሁ። የሚያስጠላኝን ልንገራችሁ። አልጋው ሥር የቤቱ ዕቃ ታጭቆ በየመሀሉ «ይቅርታ፣ ካውያውን ልውሰድ» እያሉ መግባት። የቤታችሁን ዕቃ ከዚያ ክፍል ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ ካልሆነ ሰውየው እንግዳ ሳይሆን የመጋዘን ጠባቂ ነው።

ሌላው ብርድ ልብስ። አንድ ወፍራም ከምትሰጡ ሁለት ቀጫጭን ስጡ፣ ሲሞቀው አንዱን ይገፈዋል። ትራስም ሁለት ይሁን፣ አንዱ ጠንከር አንዱ ለስለስ ያለ። በሩ ከውስጥ ይቆለፍ። የዋይፋዩ ኮድ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀመጥ፣ ሰው ስንት ጊዜ ይጠይቃል? የሚረጭ ሽቶ ግን አደራ እንዳትነፉበት። መስኮት ክፈቱ፣ አለቀ።

ጠያቂዋ

መልስ 7 ሳቄን አመጣኸው፣ ካውያው እውነትም እዚያ ክፍል ነው ያለው። እሺ፣ ገንዘቡ ለፍራሹ ይሁን፣ ባለቤቴም አንድ ግድግዳ ተፈቅዶለታል። መጋረጃውን ራሴ እሰፋዋለሁ። የቀረኝ የአልጋው ከፍታ ነው። አሁን ከአሮጌው ፍራሽ ጋር ለካሁት፣ 38 ሳንቲ ነው። ባለቤቴ ዛሬውኑ 10 ሳንቲ ጉማጅ ላስቆርጥ ብሎ ተነስቷል። ይሂድ?

መልስ 2

አይሂድ! ጉማጅ የሚቆረጠው ፍራሹ ከገባ በኋላ ነው። አሮጌው ተጠፍጥፎ ምናልባት 10 ሳንቲ ቀርቶ ይሆናል፣ አዲሱ 18 ወይም 20 ከሆነ ያለ ጉማጅም ልኩ ላይ ይደርሳል። አሁን 10 ጨምሮ ካስቆረጠ እግራቸው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ያ ደግሞ ከዝቅታው አይሻልም። ፍራሹን አስገቡ፣ በእሳቸው ቁመት ልክ የሆነ ሰው ጫፉ ላይ አስቀምጡ፣ ስፖንጁ ሲቀመጡበት ጥቂት ሳንቲ ስለሚወርድ ሰው ተቀምጦበት እያለ ለኩ። የጎደለውን ያኔ አስቆርጡ። እስከዚያ እሱ ብሎኖቹን ያጥብቅ።